በዓልና እንግዳ በይፋት

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁለቱን የተያያዘ መንገደኛ አየሩ በየመታጠፊያው ሲለወጥ ይሰማዋል። ደብረ ሲና ላይ ካፖርቱ ይከብደዋል፤ አርማንያ ላይ ያወልቀዋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙም ትርፍ ይሆንበታል። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ያለው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1987 ዓ.ም. መስከረም መምህር ሆኜ ወደዚያች የቀወት ከተማ ስወርድ ልብሴን እንጂ ሌላ ነገሬን የምለውጥ አልመሰለኝም ነበር። አገሩ አገሬ ነው፤ ቋንቋውም ቋንቋዬ ነው። ታዲያ ምን እንግድነት አለ?

የተከራየኋት ክፍል ባለቤት በዕድሜ የገፉ የይፋት ሙስሊም እናት ነበሩ። እኔ “እማማ” እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ሲቆጡ “መምህር”፣ ደስ ሲላቸው “ልጄ” ይሉኛል። በዚያ ዓመት ረመዳን ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ዐቢይ ጾም ገባ። እናም ለነዚያ ቀናት የግቢው ሰው ሁሉ ጿሚ ሆነ፤ እሳቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ከዚያ ዒድ ሆነ፤ ፋሲካም ተከተለ፤ በግንቦት መባቻ ደግሞ አረፋ መጣ።

በአረፋ ማለዳ ከክፍሌ ብቅ ስል ግቢው ውስጥ ሁለት ምድጃ ተጎልቶ አየሁ። በአንዱ ላይ የቤቱ ድስት ተጥዷል። ሁለተኛው ፈንጠር ብሎ ወደ እኔ በር ቀርቧል። ለዚህኛው ድስት የመጣውን ወጠጤ ጎረቤታችን የሆኑ ክርስቲያን ሽማግሌ በስመ አብ ብለው ባረኩት። ቢላዋውም፣ ድስቱም፣ ሳህኑም ከሳቸው ቤት የመጣ ነበር። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የባረከውን ሌላው እንደማይበላ አጥቼው አይደለም። ይህን ልዩነት በበዓል ቀን፣ ያውም ግቢው መካከል አውጥተው ማቆማቸው ግን ከነከነኝ። “አንተ የእኛ አይደለህም” የተባልኩ ያህል ተሰማኝ። ጥቂት ቀምሼ፣ ራሴን አመመኝ ብዬ ገባሁ።

ሦስት ቀን ያህል ከከረምኩ በኋላ አላስችል ቢለኝ፣ “እማማ፣ ምነው ድስቱን ለያችሁት?” አልኳቸው።

እንደ ሞኝ አዩኝ። “ልጄ፣ ባንለየው አንተ ምን ልትበላ ኖሯል?” አሉኝ።

ለካ ፋሲካ ዕለት የእኚያ የሽማግሌው ቤት ለእማማ ዶሮ በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ በሌላ ድስት ሠርቶ ልኮላቸው ኖሯል። እኔ ያን ዕለት እዚያው ግቢ ነበርኩ፤ ግን አላየሁትም። ያየሁትን ደግሞ ገልብጬ ተረዳሁት። ሁለተኛው ድስት የተጣደው እንግዳው ከበዓሉ እንዳይቀር ነው። እኔ እንዳልቀርብ የተከለለ አጥር አድርጌ አነበብኩት።

ከዚያ ወዲህ ባዕዳን ስለ አገራችን በዓላት የጻፏቸውን መጻሕፍት ባገላበጥኩ ቁጥር ያቺ የእማማ መልስ ትታወሰኛለች። በይፋትና በአካባቢዋ የተቀመጡ እንግዶች ምን አዩ? ያዩትንስ ማን አስረዳቸው? ይህ ጽሑፍ ይህንን ለመከታተል የተደረገ ሙከራ ነው። ዓ.ም. ያልተባለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።

የበር አገር

ይፋት በር ነች። ከዘይላ ወይም ከታጁራ ተነሥቶ የበረሃውን ሐሩር ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው በእርሷ በኩል ነበር። በበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከእንግዳ ጋር ነው የሚኖረው። አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ሲገናኙ የኖሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

የወላስማ ሱልጣኖች መነሻ ይህች ምድር ናት። በ1285 ዑመር ወላስማ የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኖች አገዛዝ አክትሞ ግዛቱን ወደ ይፋት ጠቀለለ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ዐዋቂው አል ዑመሪ ስለ ይፋት ሲጽፍ አዝመራዋንና ፍራፍሬዋን፣ ጫቷንም ሳይቀር ዘርዝሯል። ሆኖም ሰውየው አገሪቱን በዐይኑ አላያትም፤ ወደ ካይሮ የሄዱ የዚሁ አካባቢ ሰዎች የነገሩትን ነው የመዘገበው። በ1332 ዐፄ ዓምደ ጽዮን በሰብረዲን ላይ ያደረጉትን ዘመቻ የሚተርከው ዜና መዋዕልም ጫትን ያነሣል። ሰብረዲን “በመርዓዴ ጫት እተክላለሁ” ብሎ እንደ ዛተ ይነግረናል። በአንዱ መጽሐፍ ጫት የአንድ አገር ተክል ነው፤ በሌላው የጠላት ዛቻ ሆነ። ተክሉ ያው አንድ ተክል ነው፤ የተለየው ጽሑፉ የተጻፈበት ደጅ ነው።

ከዚያ ዘመን የቀሩ የድንጋይ መስጊዶችና የከተሞች ፍርስራሾች አስባሪ፣ መሳልና ኖራ በተባሉት ቦታዎች ዛሬም አሉ። የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ባለፉት ሁለት አሥርተ ዓመታት አጥንተዋቸዋል። እኔ ሸዋ ሮቢት ሳለሁ ግን ስለነዚህ ስፍራዎች የሰማሁት ከተማሪዎቼ ነበር። ለእነርሱ የአያቶቻቸው መንደር እንጂ የታሪክ ቅርስ የሚባል ነገር አልነበረም።

የጥምቀቱ ጥያቄ

ከይፋት ጥቂት ወጣ ብለን አንድ የቆየ ነገር እናንሣ፤ የእንግዳን ዐይን ነገር ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁምና።

በ1520 ምፅዋ ላይ ከወረዱት የፖርቱጋል መልእክተኞች መካከል ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ቄስ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ተቀመጠ። በጥር 1521 ዐፄ ልብነ ድንግል ከሠፈሩበት ቦታ ጥምቀትን አከበረ። ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ጽፎታል። ትልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ በሳንቃ ተደገፈ፤ በላዩም በሰም የተነከረ የጥጥ ጨርቅ ተነጠፈበት። ከወንዝ በቦይ የመጣ ውኃ ተሞላበት። ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ይመለከታሉ። አንድ አረጋዊ ካህን በዚያ ውርጭ እስከ ትከሻቸው ውኃው ውስጥ ቆመው ሕዝቡን ያጠምቃሉ። አልቫሬዝ የሽማግሌውን ብርድ ሳይቀር አስተውሏል። እንግዲህ ከዚህ የተሻለ የዐይን ምስክር ከወዴት ይገኛል?

ነገር ግን ንጉሡ “እንዴት አየኸው?” ብለው ሲያስጠይቁት መልሱ ተግሣጽ ሆነ። ጥምቀት አንዲት ናት፤ በየዓመቱ መጠመቅ ከሃይማኖት ውጭ ነው አለ። በዐይኑ የገባውን ሥርዓት አገሩ በሚያውቀው ትምህርት ለካው። በኢትዮጵያ ሲኖር ብዙ ያየ ሰው ነው፤ በዚህ በዓል ላይ ግን የተረዳው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ነው።

ታዲያ ነገሩ በዚህ አላበቃም። አልቫሬዝ ሲመለስ የንጉሡ መልእክተኛ ሆኖ ጸጋ ዘአብ የተባለ ኢትዮጵያዊ ካህን አብሮት ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ጸጋ ዘአብ በዚያ ዓመታት ተቀመጠ። አሁን እንግዳው እርሱ ሆነ። የሊዝበን ካህናት ስለ ሃይማኖቱ እየጠየቁ አስጨነቁት፤ ከቁርባንም አራቁት። በ1534 የአገሩን እምነትና ሥርዓት በጽሑፍ አስረዳ። ስለ ጥምቀትም ሲናገር፣ በየዓመቱ ወደ ውኃ የምንወርደው የጌታን ጥምቀት ለማሰብና ለማክበር ነው፤ ያለዚያ አንድንም ብለን አይደለም የሚል ቃል አኖረ። ይህንን ጽሑፍ ዳሚያኦ ደ ጎይስ የተባለ ፖርቱጋላዊ ሊቅ በላቲን ተርጉሞ በ1540 ሎቬን ላይ አሳተመው። የአልቫሬዝም መጽሐፍ የታተመው በዚያው በ1540 በሊዝበን ነው።

አንድ በዓል፣ ሁለት መጻሕፍት፣ አንድ ዓመት። የአልቫሬዝ መጽሐፍ ጉድጓዱን፣ ሰሙን፣ ውርጩን ሰጠን። እርሱ ባይጽፍልን ኖሮ የ1521ን ጥምቀት ማን ይነግረን ነበር? የራሳችን ሰዎች ዘወትር የሚያዩትን ነገር መጻፍ አላስፈለጋቸውም። ትርጉሙን ግን የሰጠን ጸጋ ዘአብ ነው፤ እርሱም የሰጠን በባዕድ አገር ተከስሶ ነው። እማማም ቢሆኑ እኔ ቅር ብሎኝ ባልጠይቃቸው ኖሮ ስለ ድስቱ አንዲት ቃል የሚተነፍሱ አይመስለኝም።

ከአልዩ አምባ እስከ አንኮበር

አሁን ወደ ይፋት እንመለስ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ ከባሕር የሚመጣ እንግዳ የሚቀበለው ፋሬ ላይ ነበር። ከዚያ ከሸዋ ሮቢት በስተደቡብ፣ ከአንኮበር ግርጌ ወዳለችው ወደ አልዩ አምባ ይወሰዳል። አልዩ አምባ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ናት፤ ገበያዋም ዓርብ ነበር። የይፋትን ቆላ የሚያስተዳድሩት የወላስማ ዘር የሆኑት ወላስማ መሐመድ ነበሩ። እንግዲህ የክርስቲያን ንጉሥ በር ጠባቂ የሙስሊም ሱልጣኖች ልጅ ነበር ማለት ነው። ንጉሡ የሚፈሯቸውን የራሳቸውን ዘመዶች ያሰሩበት የጎንጮ እስር ቤት እንኳ በእኚሁ ሰው እጅ ነበር።

እንግዳ ከመጣ ባልደረባ ይሰጠዋል፤ ከቤተ መንግሥት ድርጎ ይቆረጥለታል። ባልደረባው ያስተናግዳል፣ ያስተረጉማል፣ ይጠብቃልም። ድርጎ የበላ እንግዳ ንጉሡ ሳይፈቅዱ ወዴትም አይሄድም። የእንግድነቱ ክብርና የእንግድነቱ እስር አንድ ላይ የሚመጡ ነገሮች ነበሩ።

በ1839 ሁለት የጀርመን ሚሲዮናውያን፣ ኢዘንበርግና ክራፕፍ፣ በዚህ በር ገቡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ ክራፕፍ እስከ 1842 ቆየ። የዕለት ማስታወሻቸው በ1843 ለንደን ላይ ታትሟል። ክራፕፍ ቋንቋ የሚያጠና፣ የብራና መጻሕፍት የሚሰበስብ ትጉህ ሰው ነበር። ነገር ግን ጾሙንና የእመቤታችንን ክብር ከካህናቱ ጋር የሚከራከርበት አርእስት አድርጎት ነበር። ዓመቱን በጾምና በበዓል ለሚቆጥር ሕዝብ ጾሙን ከነቀፉበት ከዚያ ወዲያ በሩን ማን ይከፍታል?

በሐምሌ 1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከቦምቤይ የተላከውን የእንግሊዝ ልዑክ እየመራ ደረሰ። አልዩ አምባ ላይ አግደው አቆዩት። ኋላ ግን አንኮበር ወጣ፤ ኅዳር 16 ቀን 1841 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ሃሪስ በዓልን ያየው ከንጉሡ ድንኳን አጠገብ ቆሞ ነው። የመስቀልን በዓል በደብረ ብርሃን፣ የሸዋ ባላባት ሁሉ ፈረሰኛውን አስከትሎ በንጉሡ ፊት ሲያልፍ ተመለከተ። በ1844 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፉ ውስጥ መስቀል ጋሻና ጦር፣ ፈረስና ለምድ ነው። ይህ ሐሰት አይደለም። በዚያ ዘመን መስቀል ክረምት ወጥቶ፣ ወንዝ ጎድሎ፣ ንጉሥ ሠራዊቱን የሚቆጥርበት ቀን ነበር። ግን በዚያች ሌሊት በየመንደሩ ደመራ የለኮሰው ገበሬ፣ ችቦ ያሰረው ልጅ ከድንኳኑ ደጃፍ አይታይም።

በ1842 ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከታጁራ ተነሥቶ ብቻውን መጣ። መልእክተኛ አይደለም፤ ስጦታ የጫነ ግመል የለውም። የቆላ ንዳድ ያዘው፤ አልዩ አምባ ውስጥ በአንድ ጎጆ ለወራት ተኛ። ታሞ የተኛ ሰው ሰልፍ አያይም። የሚያየው እንጀራ ሲጋገር፣ ጥጥ ሲፈተል፣ ጎረቤት ሲገባና ሲወጣ፣ ዓርብ ገበያ ሲሞላና ሲበተን ነው። በ1844 በሁለት ቅጽ ያሳተመው መጽሐፉ በእነዚህ ነገሮች የተሞላ ነው። ስለ ሸዋ ተራ ሰው ኑሮ ማወቅ የፈለገ አንባቢ የካፒቴኑን ትቶ የበሽተኛውን መጽሐፍ ቢያነብ ይጠቀማል እላለሁ።

ከሁለቱ ያገኘሁት አንድ ጠቃሚ ወሬ የቡና ነገር ነው። በዚያ ዘመን በሸዋ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነበር፤ ክርስቲያን ቡና እንዳይጠጣ ቤተ ክርስቲያን ትከለክል ነበር። ያኔ አልዩ አምባ የመጣ እንግዳ ቡናን የሃይማኖት ምልክት አድርጎ ቢመዘግብ ትክክል ነው። ይህ ክልከላ የላላው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ፣ በምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬስ? ዛሬ ሸዋ ሮቢት ውስጥ እማማ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን የሚጠሩት በምንድን ነው? በቡና። ያ ሰው ከሰው የሚለይበት ሲኒ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ሆነ። በሥጋ በኩል ያለው ልዩነት ባለበት ቆመ፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን በሁለተኛ ድስት መላ ተገኘለት።

የናጋሳኪው ሐኪምና የመርሐ ቤቴው ሰው

ይህ የእንግዳና የበዓል ነገር የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጆንስተን አልዩ አምባ ከመተኛቱ 150 ዓመት ቀደም ብሎ ኤንገልበርት ኬምፕፈር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ጃፓን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከ1690 እስከ 1692 የኖረው ናጋሳኪ ወደብ ላይ በምትገኘው ዴጂማ በተባለች ትንሽ ደሴት ነው። የኔዘርላንድ ነጋዴዎች ከዚያች ደሴት ያለ ፈቃድና ያለ ጠባቂ መውጣት አይችሉም። የሸዋን ባልደረባና ድርጎ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ኬምፕፈር የጃፓንን የዓመት በዓላት፣ አዲስ ዓመቱን፣ በሦስተኛው ወር ሦስተኛ ቀን፣ በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን፣ እንዲህ እያለ እስከ ዘጠነኛው ወር ዘጠነኛ ቀን ድረስ የሚውሉትን ሁሉ መዘገበ። የናጋሳኪንም የሱዋ መቅደስ በዓል ገለጸ። ከደሴት ያለ ጠባቂ የማይወጣ ሰው ይህንን እንዴት ዐወቀ? አንድ ወጣት ጃፓናዊ ረዳት ነበረው፤ ለባዕድ የአገር ምሥጢር መንገር በሚያስቀጣበት ዘመን የጠየቀውን ሁሉ በስውር ያስረዳው ነበር። የኬምፕፈር መጽሐፍ እርሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1727 ለንደን ላይ ታተመ።

የእኛም ሰው በተራው ወደዚያ ሄዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ተወላጅ ናቸው፤ የሸዋ ሰው ማለት ነው። በ1931 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን ጎበኙ። ሲመለሱ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። ኅሩይ የመንግሥት እንግዳ ነበሩ፤ ስለዚህ ያዩት እንደ ሃሪስ የክብሩን በር ነው። ቢሆንም በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ አንባቢ ስለ ሩቅ አገር ልማድ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ሰው ብዕር የሚያነብ ሆነ። ስለ እኛ ባዕዳን የጻፉትን ስናነብ ከኖርን በኋላ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሁንና አንድ ነገር ያስገርመኛል። በአማርኛ ስለ ጃፓን ከተጻፈ ዘጠና ዓመት አልፏል። በአንዲት የቀወት መንደር ዓመቱ እንዴት እንደሚዞር የሚነግር መጽሐፍ ግን ስፈልግ እጄ አልገባም።

ሁለት አቆጣጠር በአንድ ቆላ

እንግዲህ እኔም ከእንግዶቹ እንደ አንዱ ያየሁትን ልናገር፤ የተሳሳትኩበትን የአገሬው ሰው ያርመኝ።

በቀወት ዓመቱ የሚዞረው በሁለት አቆጣጠር ነው። አንደኛው በፀሐይ የሚሄደው፣ ቦታውን የማይለቀው ነው። እንቁጣጣሽ ሲገባ ማሽላው ገና አረንጓዴ ነው። በመስቀል ሰሞን ወንዙ ይጎድላል። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይወጣሉ፤ የግሪሳ ወፍ መንጋ አንድ ማሳ በአንድ ቀን ያራግፋልና። በዚያ ሰሞን ክፍሌ ባዶ ይሆንብኝ ነበር። መጀመሪያ “እነዚህ ልጆች ትምህርት አይወዱም” ብዬ ተቆጣሁ፤ ኋላ ከመካከላቸው አንዱ ማማው ላይ አውጥቶ ሰማዩን ሲያሳየኝ አፈርኩ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ነው። በጥር ታቦታቱ ወደ ውኃ ይወርዳሉ። እንደ ልብነ ድንግል ዘመን ውርጭ የለም፤ የቆላ ጥር ሲነጋ ነፋሻ፣ ሲረፍድ ሞቃት ነው፤ ውኃ የተረጨ ሕፃን ሁሉ “ድገሙኝ” ይላል።

ሁለተኛው አቆጣጠር በጨረቃ የሚሄደው ነው። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራል። ስለዚህ ረመዳንም፣ አረፋም፣ መውሊድም በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተሳቡ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳሉ። እኔ በነበርኩበት ዓመት ረመዳን በጥር ማብቂያ ገብቶ በየካቲት ወጣ። ጆንስተን ይፋት በደረሰበት በ1842 ግን በመስከረም መጨረሻ ገብቶ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ነበር። አንድ የቀወት ገበሬ በዕድሜው ረመዳንን በአጨዳ፣ በዘር፣ በክረምት ጭቃ፣ በግንቦት ሐሩር ይጾመዋል። ጎረቤቱ ክርስቲያንም ይህን ያውቃል። ረመዳን በእርሻ ወራት ከዋለ ደቦው ማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ይበተናል፤ ዐቢይ ጾም ላይ ዒድ ከዋለ ለክርስቲያኑ የሚቀርበው ሽሮና ቡና ነው። ማን ምን እንደሚጾም የማያውቅ ጎረቤት በዚያ አገር ሥራ መሥራትም፣ ድግስ መደገስም አይችልም።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህ ሁሉ የተጻፈ ሕግ የለውም። ሁለተኛውን ድስት የሚያዝ አዋጅ የለም። እናት ለልጇ፣ ሽማግሌ ለጎልማሳ ሲያሳይ ነው የቆየው። ሳይታይ ያደገ ልጅ አያውቀውም።

ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ረመዳንና ዐቢይ ጾም እንደገና ተገናኙ። እኔ ግቢ ውስጥ እንደነበረው ዓይነት ሁሉም ጿሚ የሆነበት ሰሞን ነበር። በዚያው ሰሞን ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን ያለችው አጣዬ ተቃጠለች፤ በአካባቢው ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ተፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ። የዚህን ሁሉ ምክንያት መተንተን የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ነገር ግን ሰዎች ከሩቅ ሆነው ስለዚያ አገር ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር የተለየውን ድስት ብቻ ያዩ ይመስለኛል። “እነዚህና እነዚያ ድሮም አንድ ማዕድ አይቆርሱም” ይላሉ። እኔም አንድ ማለዳ ላይ እንዲሁ ብዬ ራሴን አመመኝ ብዬ ገብቼ ነበር። የእኔ ስሕተት ያስከተለው የእማማን ቅሬታ ብቻ ነው፤ የሌላው ግን ከዚያ የከፋ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

አልቫሬዝ ባይመጣ የውኃውን ጉድጓድ፣ ጆንስተን ባይታመም የአልዩ አምባን ጓዳ ባላየን ነበር። ለዚህ እናመሰግናቸዋለን። ከእንግዲህ ግን ሌላ ጆንስተን ንዳድ ይዞት እስኪተኛ መጠበቅ የለብንም። የሸዋ ሮቢትና የሰንበቴ፣ የአልዩ አምባና የጎዜ እናቶችና አባቶች ሳሉ፣ የይፋት ተማሪ ደብተሩን ይዞ አያቱ አጠገብ ቢቀመጥ ይበቃል። ጥያቄው ከባድ አይደለም። ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ? ለማንስ ብላችሁ?

እማማ ዛሬ በሕይወት የሉም። ከሸዋ ሮቢት ከተዛወርኩ ከዓመታት በኋላ ለለቅሶ ስሄድ የግቢው ሰው በዝቶ ነበር፤ ድንኳኑም ጠቦ ነበር። ልጃቸው እጄን ይዞ ወደ ውስጥ ሲያስገባኝ በጓሮ በኩል ጭስ አየሁ። ከቤቱ ምድጃ ፈንጠር ብሎ ሌላ ምድጃ ተጎልቷል። የእኚያ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ቢላዋ እየሳለ ነበር። በዚያን ጊዜ ምንም አልጠየቅሁም፤ ቁጭ ብዬ በላሁ።